ማጅራቷን ገልጬ አየሁ

ልጅቷ ፌስታሉን አጠገቧ አስቀምጣ ቶሎ አልፈታችውም። አቦሉን ጠጣች። ስለ ሥራዋ አጫወተችኝ። ቤተዝዳ ውስጥ የሁለት ሕፃናት ሞግዚት ናት፤ አሜሪካ ከመጣች ገና ዓመት ከመንፈቋ ነው። ቶናውን ስቀዳላት ነው ደፈር ያለችው። «እትዬ፣ እርስዎ አሻንጉሊት ይሰበስባሉ ብለውኝ ነው። እኔም አንድ አለችኝ» አለችና ፌስታሉን ከፈተች።

ያወጣቻት አሻንጉሊት ክንድ የምታህል ናት። ጠይም፣ ፀጉረ ብዙ፣ ጉንጨ ሙሉ። ከሰልባጅ ሱቅ በ6 ዶላር ነው የገዛቻት። ስታቀብለኝ አንገቷን በመዳፏ ደግፋ ነበር፤ አራስ ልጅ እንደሚያቀብል ሰው።

ተቀበልኳት። ፊቷን አላየሁትም። በደረቷ ደፋኋት፣ ፀጉሯን ወደ ላይ ሰበሰብኩ፣ ማጅራቷ ላይ የታተመውን የፋብሪካ ምልክት አነበብኩ። 3 ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ከዚያ «አይ፣ ይቺ እንኳን ብዙም አታወጣ» አልኩ።

«ልሸጣት እኮ አይደለም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር። አሻንጉሊቷን ተቀብላኝ ፌስታሉ ውስጥ መለሰቻት። በረካው ሳይደርስ «ባስ ያመልጠኛል» ብላ ተነሳች። በረካ ሳይጠጡ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

ይህ የሆነው ከፋሲካ በኋላ ነው። ይኸው ክረምቱም አለፈ፤ ነገሩ ግን አልለቀቀኝም። መጀመሪያ ራሴን ተከላከልኩ። ምን አልኳት? እውነቱን ነው የነገርኳት። በየትልልቁ ሱቅ የምትሸጥ፣ አሜሪካን ገርል የሚባለው አሻንጉሊት ተመሳሳይ ናት፤ ሰብሳቢ ዞር ብሎ አያያትም። ስድብ ከአፌ አልወጣም። ግን ማታ ጋደም ስል የሚመጣብኝ የተናገርኩት ነገር አይደለም። እጄ ነው። ሳላዘው ነው የሄደው። ዳቦ ገልብጦ ሥሩ መብሰሉን እንደሚያይ ሰው። ያንን ማገላበጥ ያስተማረችኝን ሴትዮ አስታውሳታለሁ። ቀኑንም አስታውሳለሁ።

ጓንቷን ያወለቀችው ሴትዮ

የዛሬ 11 ዓመት ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ የአሻንጉሊት ትርኢት እንዳለ ሰምቼ፣ ለሰው ሳልናገር፣ አዲን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

አዲ የአሜሪካን ገርል አሻንጉሊት ናት። ኩባንያው መሸጥ የጀመረው በ1986 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፤ ያኔ ስሙ ፕሌዘንት ካምፓኒ ነበር። መጀመሪያ የወጡት ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ነጮች። አዲ የመጣችው በ1993 ነው። በታሪኳ መሠረት በ1864 ከእናቷ ጋር ከባርነት ያመለጠች ልጅ ናት። እኔ ታሪኳን አላውቅም ነበር። ስሟን ስሰማ «አዲሴ» ማለት ቀለለኝና በዚያው ቀረ።

የኔዋን ያገኘኋት በ18 ዶላር ነው፣ ከሰልባጅ ሱቅ። ፀጉሯ እንደ በግ ጠጉር ተቋጥሮ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እየነከርኩ ፈታሁት። ከዚያ አልባሶ ሠራኋት። እናቴ ለእኔ ትሠራኝ እንደነበረው፣ መሃሉን ወፈር፣ ዳሩን ቀጠን አድርጌ። ስጨርስ ስልኬን አውጥቼ 20 ፎቶ ሳላነሳ አልቀረሁም።

አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ የሚያምረው ጠረጴዛ የፈረንሳይ አሻንጉሊቶች ያሉበት ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ፊታቸው ቢስክ ከሚባለው፣ ከማያብረቀርቀው ፖርሴሊን ነው፤ ሲያዩት ቆዳ ይመስላል። ከኋላ የቆመችው ሴትዮ ሽበቷን ጠቅልላ ነጭ የጨርቅ ጓንት አድርጋለች። «እንዴት ያምራሉ» አልኳት። ፈገግ አለች። ከቦርሳዬ ብቅ ያለችውን አዲን አየችና «ልያት?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰጠኋት።

ከመቀበሏ በፊት ጓንቷን አወለቀች።

ያኔ አልገባኝም። ለአክብሮት መሰለኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ሳዞር ነው የገባኝ። ጓንቱ የእሷን አሻንጉሊቶች ከእጇ ለመጠበቅ ነው። የኔዋ መጠበቅ አያስፈልጋትም።

አዲን በደረቷ ደፋቻት። አልባሶውን በሁለት ጣት ወደ ላይ ገፋ አድርጋ ማጅራቷን አነበበች። «አሃ፣ የማቴል ዘመን» አለች። የባርቢ ሠሪው ማቴል የአዲን ኩባንያ በ1998 በ700 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። በሰብሳቢዎች ዘንድ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ የተሠሩት እንደ እመቤትና እንደ ደንገጡር ናቸው። ቀጥላ ሹሩባውን ነካ ነካ አደረገችና፣ ከልቧ እያዘነች፣ «ፀጉሯንም አበላሽተሻታል» አለችኝ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እንደተደፋች መለሰችልኝ።

እኔ ምን አልኩ? «አመሰግናለሁ» አልኩ። አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። አንዲት ፈረንጅ ለሐበሻ ሴት ሹሩባ ፀጉር ያበላሻል ስትል፣ ሐበሻዋ አመስግና ሄደች።

የማን ልጅ ናት?

ሰው ሲዋረድ ወይ ይተወዋል ወይ ይማራል። እኔ ተማርኩ። ቂም ይዤ አይደለም፤ ሁለተኛ እንዳልዋረድ ነው። ማጅራት ማንበብ ለመድኩ። በ1991 የአሜሪካን ገርል አሻንጉሊቶች የደረታቸው ጨርቅ ከነጭ ወደ ቆዳ ቀለም እንደተለወጠ፣ ነጭ ጨርቅ ያላት በኩር እንደምትባል አወቅሁ። 390 የሚል ቁጥር ያላት የፖርሴሊን ጭንቅላት ካየሁ፣ የጀርመኑ የአርማንድ ማርሴ ሥራ እንደሆነችና ሞልታ የተረፈች ስለሆነች ማንም እንደማይደነቅባት አወቅሁ። ሳጥኗ ተከፍቶ የማያውቅ ባርቢ ምን ተብላ እንደምትጠራም አወቅሁ። ኤን-አር-ኤፍ-ቢ ይሏታል። ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው።

ማዕረጉ ማብቂያ የለውም። የፖርሴሊን ሰብሳቢው የፕላስቲኩን ይንቃል። በፖርሴሊኖቹ መካከል ባለ ፈረንሳዩ ባለ ጀርመኑን ይንቃል። ባርቢ ያለው፣ ሳጥኑን የከፈተውን ይንቃል። በገመድና በኳስ መጋጠሚያ የሚታጠፉ ውድ የጃፓንና የኮሪያ አሻንጉሊቶች ያሏቸው ደግሞ ኮፒ የገዛን ሰው ከነአካቴው ከመካከላቸው ያስወጡታል። በዚህ በመጨረሻው ላይ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ፤ የአርቲስት ድካም መሰረቅ የለበትም። ግን መቶ ዶላር አጠራቅማ ሳታውቅ ኮፒ የገዛችን የ16 ዓመት ልጅ በሰው ፊት የኦርጅናልነቱን ወረቀት አምጪ ማለት የአርቲስት መብት ማስከበር ነው? እኔ እንጃ።

ለነገሩ እኛ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለንም። የማን ልጅ ነህ፣ ከወዴት ነህ፣ አያትህ ማን ይባላሉ እያልን ነው ያደግነው። ሰውየው ፊት ለፊታችን ቆሞ እያለ ማጅራቱን እንፈልጋለን። መርካቶ ሄደን ጫማ ስናነሳ ከልካችን በፊት «ኦርጅናል ነው ፎርጅድ?» እንላለን። ስለዚህ ያቺ ሴትዮ ያስተማረችኝ ነገር ቶሎ የገባኝ ለካ ግማሹን ከቤቴ ይዤው መጥቼ ነው።

ኦርጅናል ስለሚባለው ነገር ብዙ ካነበብኩ በኋላ ብቻዬን የሳቅሁባቸው ሁለት ታሪኮች አሉ። አንደኛው የፈረንሳይዎቹ ነው። በ1899 የፈረንሳይ አሻንጉሊት ሠሪዎች፣ ስመ ጥሩ ዡሞም ሳይቀር፣ የጀርመንን ርካሽ ዕቃ ለመቋቋም አንድ ማኅበር ሆኑ። ማኅበሩ ከሸጣቸው «የፓሪስ» አሻንጉሊቶች የብዙዎቹ ጭንቅላት የተጋገረው ግን ጀርመን ውስጥ፣ ሲሞን ኤንድ ሃልቢግ በተባለ ፋብሪካ ነው። ቀሚሷ ፈረንሳይ፣ ራሷ ጀርመን።

ሁለተኛው የባርቢ ነው። በ1959 ኒው ዮርክ ላይ በ3 ዶላር የወጣችው የመጀመሪያዋ ባርቢ ዛሬ ሳጥኗ ካልተከፈተ ሰው ቤት ሊሸጥላት ይዳዳዋል። የባርቢ እናት የምትባለው ሩት ሃንድለር ግን በ1956 ስዊዘርላንድ ለሽርሽር ሄዳ ሊሊ የምትባል የጀርመን አሻንጉሊት አይታ ገዝታ ነበር የተመለሰችው። ሊሊ የጋዜጣ ካርቱን ናት፤ ለወንዶች መቀለጃ ነበር የምትሸጠው። የሊሊ ባለቤቶች ማቴልን ኮረጃችሁን ብለው ከሰሱት፤ በ1964 ማቴል መብቷን ገዝቶ ነገሩን ዘጋው። እንግዲህ የፎርጅድ ነገር ከተነሳ ከላይ ከእመቤቲቱ እንጀምር።

እነዚህን ታሪኮች እያወቅሁ ነው የልጅቷን አሻንጉሊት የደፋኋት። ማወቅ ለዚህ አይረዳም።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። አሻንጉሊት አትሰማም፣ አታፍርም። ማጅራቷን ብትገልጣት ምኗም አይደለም። የሚሰማው ይዟት የመጣው ሰው ነው። ቤተዝዳ የሰው ልጅ ስታዝል ውላ፣ እሁድ ዕረፍቷን ትታ፣ ሁለት ባስ ቀይራ የመጣችው።

ቡፌው ውስጥ

ጉለሌ ቤታችን ውስጥ ቡፌ ነበር። እናንተም ቤት ነበር። ስኒዎቹ፣ የፕላስቲክ አበባው፣ ማንም ያልጠጣበት የብርጭቆ ስብስብ። በኛ ቡፌ ላይኛው መደርደሪያ ግን አሻንጉሊት ነበረች። አክስቴ ከጅዳ ያመጣችልኝ ናት። ለእኔ ናት ያመጣችው፣ በስሜ። ዓይኗ ስትተኛ ይከደናል፣ ስትነሳ ይገለጣል። ይህን የማውቀው የመጣች ቀን አንድ ጊዜ ስላጋደሟት ነው። ከዚያ ከነሳጥኗ ወደ ቡፌው ገባች። «እንዳትነኪያት፣ ታቆሽሺያታለሽ።»

እኔ ዕቃ ዕቃ የምጫወተው በበቆሎ ነበር። ጢሙ ፀጉር ይሆናል፣ ቆረቆንዳው ሰውነት ይሆናል፣ ብጣሽ ጨርቅ ቀሚስ ይሆናል። ሲደርቅ ይጣላል፤ በማግስቱ ሌላ ይወለዳል። እነሱን ያህል የወደድኳቸው አሻንጉሊት የለም።

እናቴን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜያታለሁ። አሁን ይገባኛል። ያቺ አሻንጉሊት ለእሷ መጫወቻ አልነበረችም። እህቷ ባሕር ተሻግራ ባዶ እጇን እንዳልቀረች ማስረጃ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ ወደ ቡፌው መሄዱን ታያለች። በዚያ ቤት ሌላ የምናሳየው ነገር አልነበረንም።

እዚህ አገር ከሰብሳቢዎች ጋር ስውል ያ ቡፌ ትዝ ይለኛል። በ1988 ማቴል የገና ባርቢ የሚላትን አወጣ፤ ተሻሙባት። ከዚያ በየዓመቱ አዲስ ወጣ። በ90ዎቹ ስንቱ ሰው ለልጄ ኮሌጅ ይሆናል እያለ ከነሳጥኗ ቁም ሣጥን ውስጥ ከመራት። ሁሉም ስላስቀመጣት ብርቅ ሳትሆን ቀረች። ዛሬ ብዙዎቹ የተገዙበትን ዋጋ እንኳን አያወጡም። ፕላስቲክ መስኮቷ ውስጥ ቆማ፣ እጇ በሽቦ እንደታሰረ፣ ሰላሳ ዓመት። የጉለሌዋም እንደዚያው ነው። ስትገለጥ ፊቷ ቢጫ ሆኖ፣ የዓይኗ ሽፋን ደርቆ አልከደን ብሎ ነበር። አንዲት ቀን አልተጫወትኩባትም።

ቤዝመንት

ወደ ዋናው ነገር ለመምጣት የተንዛዛሁት ስለማፍር ነው።

የጽዋ ማኅበር ተራዬ ሲደርስ የቤዝመንቱን በር እቆልፋለሁ። ልጄ ኮሌጅ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ሕፃን የለም። አንድ ጊዜ መቆለፉን ረስቼ፣ አንዲት ማኅበርተኛ መታጠቢያ ቤቱ መስሏት ከፈተችው። «ውይ በስመ አብ! እነዚህ ሁሉ የማን ናቸው?» ስትል ከላይ ተሰማ። ሃምሳ ዓመት የሚጠጋኝ፣ ቀኑን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ስቆጥር የምውል ሴት፣ ምን ልበል? ደስ ስለሚሉኝ ነው ልበል? ማታ ማታ ፀጉራቸውን ስሠራ ሐሳቤ ያርፋል ልበል? «ኢንቨስትመንት ናቸው» አልኩ። «አንዷ ብቻ ስንት እንደምታወጣ ብነግርሽ» ብዬ ጨመርኩበት። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። አክብሮት ነገር መጣ። ገንዘብ ሲጠራ አሻንጉሊቱ ጨዋታ መሆኑ ቀረ።

የሰብሳቢ ኩራት የሚፈላው እዚህ ጓዳ ውስጥ ይመስለኛል። ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ይዞ ሲታይ ይሳቅበታል። በኛ ዘንድ ደግሞ ሳቁ ብቻ አይደለም። ልጅ ስላላገኘች ነው የሚል አለ፤ ጸበል ውሰዷት የሚልም አይጠፋም። ስለዚህ ሽፋን ትፈልጋለህ። ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረት፣ የፋብሪካ ስም፣ ጓንት። እነዚህን ስትደረድር ተጫዋች መሆንህ ይቀርና አዋቂ ትሆናለህ። ሽፋኑ ግን ብቻውን አይበቃም። «እኔ አይደለሁም የምጫወተው፣ እሷ ናት» የምትላት አንዲት ሰው ከሥርህ ታስፈልግሃለች። ፀጉር የሠራችው፣ ሳጥን የከፈተችው፣ በፌስታል ይዛ የመጣችው።

ባለጓንቷ ሴትዮም ቤዝመንት ሳይኖራት አይቀርም። እኔን አይታ የፈራችው ድህነቴን ወይም ቀለሜን ነው እያልኩ ስበሳጭ ኖሬያለሁ፤ ሊሆንም ይችላል። አሁን ግን የፈራችው ደስታዬን ይመስለኛል። አዲን ከቦርሳዬ ሳወጣ ፊቴ ላይ የነበረውን። እኔም ልጅቷ ፊት ላይ ያንኑ ነገር አየሁ፤ እጄም ሳላዘው ሄደ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ይህ በሽታ ምን ያህል እንደገባብኝ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። የክላርኮችን አሻንጉሊት ፎቶ ሳይ። ማሚና ኬኔት ክላርክ ጥቁር አሜሪካዊ ባልና ሚስት ናቸው፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች። ለጥቁር ሕፃናት ነጭና ቡናማ አሻንጉሊት እያሳዩ «ጥሩዋ የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ ልጆች ነጯን ጠቆሙ። የክላርኮች ሥራ በ1954 የጥቁርና የነጭ ትምህርት ቤት መለያየት ሕገ ወጥ ነው በተባለበት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ተጠቀሰ። ከአሻንጉሊቶቹ አንዷ ዛሬ ቶፒካ፣ ካንሳስ፣ ለዚያ ጉዳይ መታሰቢያ በሆነው ሙዚየም ውስጥ ናት። ኬኔት ክላርክ የገዛት ሃርለም 125ኛ መንገድ ላይ ከነበረ የርካሽ ዕቃ ሱቅ ነው። በ50 ሳንቲም።

ፎቶዋን ሳይ መጀመሪያ ወደ አእምሮዬ የመጣው ሕፃናቱ አልነበሩም። ማጅራቷ ላይ ምን ተጽፎ ይሆን ነበር ያልኩት። ስልኬን አስቀምጬ ተነሳሁ።

በማግስቱ በቤተ ክርስቲያን በምናውቃት ሴት በኩል ለልጅቷ የአሻንጉሊት ልብሶች ላክሁላት። ይቅርታ አላልኩም፤ ምን ብዬ እንደምጀምረው ጠፋኝ። ከሳምንት በኋላ በቴሌግራም ፎቶ መጣ። አሻንጉሊቷ መስኮት ላይ ተቀምጣለች። የላክኋቸውን ልብሶች አላደረገቻቸውም። ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ቀሚስ ነው የለበሰችው፤ ጥለቱ ከታች በኩል ዞሯታል፣ ስፌቱ በእጅ ነው፣ ትንሽ ይጣመማል። ፎቶውን አጉልቼ ዓይኗን፣ አፍንጫዋን፣ አገጯን አየሁ። ፋብሪካዋን ከአገጯ ማወቅ እችላለሁ፤ ማጅራት አያስፈልገኝም። እንደዚያም ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አየሁት። ቅንድቧ አንዱ ከፍ ያለ ነው። የሆነ ነገር ሰምታ ያላመነች ትመስላለች።

ረጅም መልእክት ጻፍኩና አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁ። በመጨረሻ «ስሟ ማን ነው?» ብዬ ላክሁ።

ማንበቧን አየሁ። ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ከሥራ ወጥታ ይመስለኛል፣ ጻፈችልኝ።

«እትዬ፣ ስሟን አሁን ነው የሚጠይቁኝ?»